ካርታው የሻረው መስፍን

ባለፈው ሴሚስተር አጋማሽ ላይ ለሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎቼ ቀላል የሚመስል የክፍል ሥራ ሰጠኋቸው፤ በ15ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የነበረውን ምሥራቅ አውሮፓ ከቃላቸው በነጭ ወረቀት ላይ እንዲነድፉ። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።) አብዛኞቹ በየዕለቱ በዜና የሚያዩትን የዛሬውን ድንበር ነድፈው አስረከቡኝ። አንዱ ግን አስደነቀኝ። ወደ ጥቁር ባሕር አቅጣጫ ቁልቁል የወረደችውን ሰፊዋን ሊትዌኒያን፣ ፖላንድን፣ የቴውቶኒክ ባላባቶችን ይዞታ፣ ሞልዳቪያን፣ የክሬሚያን ኻናት፣ የጄኖዋ ነጋዴዎች የያዟትን የካፋን ወደብ፣ ሌላው ቀርቶ በክሬሚያ ተራሮች ላይ የተንጠለጠለችውን ትንሿን ቴዎዶሮን ሳይቀር በየቦታቸው አስቀምጧቸዋል። ከሥራ ባልደረቦቼ መካከል ቴዎዶሮ የምትባል አገር መኖሯን የሚያውቁ ስንት እንደሆኑ ባልናገር ይሻላል።

«ይህን ከየት ተማርከው?» አልኩት።

ትንሽ አፈር ብሎ «ከጌም ነው፣ ዶክተር» አለኝ።

«መልካም። ታዲያ በዚያን ጊዜ ኪየቭን ማን ነበር የሚገዛት?»

«ማንም። የሊትዌኒያ አውራጃ ናት እኮ።»

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈችኝ «ማንም» የምትለዋ ቃል ናት።

ጨዋታው «ዩሮፓ ዩኒቨርሳሊስ 4» ይባላል። ፓራዶክስ የተባለው የስዊድን ኩባንያ በ2013 ያወጣው የስትራቴጂ ጨዋታ ነው። ተጫዋቹ አንድ መንግሥት መርጦ ግብር ይሰበስባል፣ ይዋጋል፣ ይጋባል፣ ይዋዋላል፤ እስከ 1821 ድረስ። ዘመኑ የሚከፈተው በኖቬምበር 11 ቀን 1444 ነው፤ የፖላንድና የሀንጋሪ ንጉሥ ቭዋዲስዋቭ ቫርና ላይ ከኦቶማኖች ጋር ሲዋጋ በወደቀ ማግስት። ኩባንያው ጨዋታዎቹን የሚያንቀሳቅሰውን የኮምፒውተር ሥርዓት በፕሩሲያዊው የጦር ፈላስፋ በክላውስዊትዝ ስም ሰይሞታል። እንግዲህ ራሳቸውን ምን ያህል ቁም ነገረኛ አድርገው እንደሚያዩ ከዚህ መገመት ይቻላል። እኔም ለምርምር ነው በሚል ሰበብ ጨዋታውን ገዝቼ ለጥቂት ሳምንታት ተቀምጬበታለሁ። በቢዛንቲየም ጀምሬ በሦስት ሌሊት ሦስት ጊዜ ቁስጥንጥንያን ለኦቶማን አስረክቤያለሁ፤ ባለቤቴ ምስክር ናት።

ይህን ሐሳብ በሻይ ሰዓት ለአንድ ባልደረባዬ ባነሣበት «ለመጫወቻ ካርታ ዶክተር ምን አገባው?» አለኝ። ተሳልቆ ሊያልፈኝ ነበር። እኔ ግን ጥያቄውን ከልቤ ልመልሰው እወዳለሁ፤ ምክንያቱም ይህ ንቀት የሙያችን በሽታ ነው።

የእኔን የመጨረሻ የምርምር ጽሑፍ፣ ገምጋሚዎቹን ጨምሬ ብቆጥር፣ ያነበቡት ሰዎች አንድ ሚኒባስ አይሞሉም። ያንን የጨዋታ ካርታ ግን ወጣቱ በመቶዎች ለሚቆጠሩ ሰዓታት አፍጥጦ ያየዋል፤ ያሰፋዋል፣ ያጠብበዋል፣ ይዋጋበታል፣ ሲተኛም በዐይኑ ላይ ይመጣበታል። መጽሐፍ ሲሳሳት አንባቢ ይከራከረዋል፤ ደራሲው «እንደሚመስለኝ» ይላል፣ «ምሁራን አይስማሙም» ይላል። ካርታ ግን «እንደሚመስለኝ» የሚል ቀለም የለውም። ቦታው አረንጓዴ ነው ወይም ቀይ ነው፤ የእገሌ ነው ወይም የእገሌ አይደለም። ስለዚህም ከመጽሐፍ ይልቅ ይታመናል። ተማሪዬ «ማንም» ሲል በግምት የተናገረ አይደለም፤ በዐይኑ ያየውን ነው የመሰከረው።

እስቲ አሁን ወደ እውነተኛው ኪየቭ እንሂድ።

በ1362 ገደማ የሊትዌኒያው ታላቅ መስፍን አልጊርዳስ «ሰማያዊ ውኆች» በተባለው ስፍራ የወርቃማውን ሆርድ አለቆች ድል ካደረገ በኋላ ልጁን ቮሎዲሚርን በኪየቭ ላይ አነገሠው። ቮሎዲሚር ከ30 ዓመት በላይ ገዛ፤ በስሙም ገንዘብ አስመታ። በ1394 የአጎቱ ልጅ ቪታውታስ አስወገደውና ግዛቱ ከዘሩ እጅ ወጣ። በ1440 ግን ሊትዌኒያ በታላቁ መስፍን መገደል ስትናወጥ፣ አዲሱ ወጣት መስፍን ካዚሚር የቮሎዲሚርን ልጅ ኦሌልኮን ወደ አባቱ ርስት መለሰው። ኦሌልኮ በኪየቭ እስከ 1454 ነገሠ፤ ልጁ ሴሜን ተከትሎት እስከ 1470 ገዛ። ባቱ ኻን በ1240 ኪየቭን ካወደመ ወዲህ ፈርሶ የኖረውን የዋሻዎቹን ገዳም የፍልሰታ ካቴድራል ያሳደሰው ይኸው ሴሜን ነው።

ጨዋታው በሚከፈትባት ዕለት፣ በኖቬምበር 1444፣ ኪየቭ መስፍን አላት ማለት ነው። ስሙ ይታወቃል። አባቱ ይታወቃል። ሚስቱ እንኳ ትታወቃለች፤ የሞስኮው ታላቅ መስፍን የቀዳማዊ ቫሲሊ ልጅ አናስታሲያ ናት። እኔ በተጫወትኩበት እትም ግን ኪየቭ ከቪልኒየስ ጋር አንድ ቀለም ተቀብታ፣ ግብሯ ለሊትዌኒያ ግምጃ ቤት በቀጥታ የሚገባ፣ ሹሟ የማይጠቀስ አውራጃ ናት።

የኢትዮጵያን ታሪክ ላነበበ ሰው ነገሩን ለማስረዳት ብዙ መድከም አያሻም። ርስት አለ፣ ሹመትም አለ። የአባቱን አገር ይዞ ለንጉሠ ነገሥቱ ግብር የሚያገባና ጦር የሚያሰልፍ ባላባት አንድ ነገር ነው፤ ከቤተ መንግሥት ተልኮ፣ ሲያስፈልግም ተሽሮ የሚሄድ ሹም ሌላ ነገር ነው። ኦሌልኮ የመጀመሪያው ዓይነት ነው። ካዚሚርን ጌታዬ ይላል፤ አገሩ ግን አገሩ ናት። ያች ዕለት ለእኛም ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በዙፋን የነበሩባት ዕለት መሆኗን አስቡ። በዘመናቸው ለንጉሡ የገበሩትን አገሮች ሁሉ፣ ሐድያን ጨምሮ፣ አንድ ቀለም ቀብቶ «እዚህ የራሱ ገዥ ያለው ማንም አልነበረም» የሚል ሰው ቢመጣ ምን እንለው ነበር? እንዲህ ያለውን ታሪክ የማያውቅ ነው እንለዋለን። ወይም ደግሞ ጉዳይ ያለው ሰው ነው ብለን እንጠረጥረዋለን።

ኪየቭ በእርግጥ ተራ አውራጃ የሆነችበት ጊዜ አለ። ሴሜን በ1470 መጨረሻ ሲሞት ካዚሚር ርስቱን ለወንድሙ ለሚኻይሎ መስጠት እምቢ አለ፤ በ1471 ማርቲን ጎሽታውታስ የተባለውን ሊትዌኒያዊ መኳንንት «ቮይቮዳ» ማለትም ተሿሚ ገዥ አድርጎ ላከው። የዘመኑ ዜና መዋዕል እንደሚተርከው የኪየቭ ሰዎች ይህ ሰው የመስፍን ዘር አይደለም፣ እምነቱም የሮማ ነው ብለው ሁለት ጊዜ መለሱት፤ በመጨረሻ በጦር ኃይል ገባ። ሚኻይሎ ከዘመዶቹ ጋር በካዚሚር ላይ አሢረሃል ተብሎ በ1481 ተሰየፈ። እንግዲህ በ1471 በጦር የተፈጸመውን ሽረት ስቶክሆልም የተቀመጡ ካርታ ነዳፊዎች በ1444፣ ማለትም 27 ዓመት አስቀድመው፣ በአንድ የቀለም ብሩሽ ፈጸሙት። ካዚሚር ራሱ ያልደፈረውን ደፈሩለት!

ቮሊንም እንዲሁ ናት። በሉትስክ የተቀመጠው ሽማግሌው ስቪትሪጋይላ፣ አንድ ጊዜ የሊትዌኒያ ታላቅ መስፍን የነበረና ዙፋኑን የተነጠቀ ሰው፣ እስከ ሞተበት እስከ 1452 ድረስ ቮሊንን እንደ ግል ግዛቱ ይዟት ነበር። ጋሊሺያና ምዕራባዊ ፖዶሊያ ግን ከ1434 ጀምሮ የፖላንድ ዘውድ ቮይቮዳዊ አውራጃዎች ናቸው። ስለዚህ «ዩክሬን በሊትዌኒያ ሥር ነበረች» የሚለው አጭር ዐረፍተ ነገር ራሱ ውሸት ባይሆን እንኳ ስንፍና ነው።

ፍርዴ ሚዛን እንዳይጎድለው ጨዋታው ያልሳተውን ልናገር። የኪየቭንና የቮሊንን ሕዝብ ባህል «ሩቴኒያዊ»፣ ሃይማኖቱን ኦርቶዶክስ ብሎ መዝግቧል። ቃሉም ትክክለኛ ነው፤ በላቲን ጽሑፎች የሩስን ሕዝብ «ሩቴኒ» ይሉት ነበርና። የሩስን ስም ለሞስኮ ብቻ ካልሰጡ ጥቂት ሥራዎች አንዱ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ይቆጨኛል። አያቶቻችን ሩሲያን «መስኮብ» ነበር የሚሏት፤ ከዐድዋ ጦርነት በኋላ የመጡትን የቀይ መስቀል ሐኪሞች «የመስኮብ ሐኪሞች» ሲሉ ሳያውቁት የታሪክ ሊቃውንት በሚፈልጉት ልክ ተናግረዋል። ሩስና መስኮብ አንድ አይደሉማ! እኛ የተማርነው ነን ሁለቱን ደባልቀን «ሩሲያ» ያልነው። በደርግ ዘመን ኪየቭ፣ ኦዴሳና ኻርኪቭ ተምረው የመጡትን ሐኪሞችና መሐንዲሶች ሁሉ «ሩሲያ የተማሩ» እያልን እስከ ዛሬ እንጠራቸዋለን። እኔ ራሴ በዚህ ጽሑፍ ከልማድ «ኪየቭ» እያልኩ ነው፤ የከተማይቱ ሰዎች «ኪዪቭ» ነው የሚሉት።

ወደ ጨዋታው ልመለስ። ከቀለሙ የሚከፋው ሒሳቡ ነው። ቀለሙ ለዐይን ይታያልና ይታረማል፤ ሒሳቡ ግን ከበስተ ጀርባ ይሠራል።

ጨዋታው ሕዝቦችን በባህል ቤተሰብ ይመድባል። ሩቴኒያዊው፣ ቤላሩሳዊው፣ ሞስኮባዊውና ኖቭጎሮዳዊው «ምሥራቅ ስላቭ» በተባለ አንድ ቤተሰብ ውስጥ ናቸው። እንደ ቋንቋ ጥናት ካየነው ስሕተት የለበትም። ደንቡ ግን እንዲህ ይላል፦ አንድ መንግሥት ወደ ኢምፓየር ማዕረግ ሲያድግ በባህል ቤተሰቡ ውስጥ ያሉ ሕዝቦች በሙሉ እንደ ራሱ ሕዝብ ይቆጠራሉ፤ ባዕድ በመሆናቸው የሚመጣ የግብር ጉድለትም ሆነ ሁከት አይኖርም። በሞስኮ ጀምሮ «ሩሲያ»ን የመሠረተ ተጫዋች እንግዲህ ኪየቭን በያዘ ጊዜ በባህል በኩል የሚጠብቀው አንዳች ተቃውሞ የለም። ሕዝቡ ወዲያው የእርሱ ነው።

የ17ኛው ክፍለ ዘመን ታሪክ ይህን ደንብ ያውቀዋልን? ኮሳኮች በ1654 ፔሬያስላቭ ላይ ለሞስኮው ዛር ቃል ገቡ። በአራተኛው ዓመት፣ በ1658፣ ሄትማን ኢቫን ቪሆቭስኪ ከፖላንድ ጋር ሀድያች ላይ ተዋዋለ፤ ውሉ የኪየቭን፣ የብራትስላቭንና የቼርኒሂቭን አውራጃዎች «የሩስ ታላቅ መስፍናዊ ግዛት» አድርጎ ከፖላንድና ከሊትዌኒያ ጋር በሦስተኛ አባልነት የሚያቆም ነበር። በ1659 ኮኖቶፕ ላይ የሞስኮን ጦር ድል መታው። ውሉ ሳይፈጸም ቀረ፤ ሐሳቡ ግን በጽሑፍ ሰፍሯል። በ1708 ሄትማን ማዜፓ ከስዊድኑ ንጉሥ ጋር አበረ፤ በ1709 ፖልታቫ ላይ ተሸነፉ። ታላቋ ካትሪን በ1764 ሄትማንነቱን ሻረች፣ በ1775 የዛፖሪዢያን ሲች አስደመሰሰች። «ራሳቸውን እንደ አንድ ሕዝብ ይቆጥራሉ» በሚል ደንብ ይህ ሁሉ ሊሆን አይችልም ነበር።

ሃይማኖቱም እንዲሁ በአንድ ቃል ታልፏል። ኦርቶዶክስ፤ አለቀ። ነገር ግን ጨዋታው በተከፈተ በአራተኛው ዓመት፣ በ1448፣ የሞስኮ ጳጳሳት ከቁስጥንጥንያ ሳያስፈቅዱ ዮናስን ሜትሮፖሊታን አድርገው መረጡ። በ1458 ለኪየቭ ሌላ ሜትሮፖሊታን ተሾመላት፤ ኪየቭም እስከ 1686 ድረስ በቁስጥንጥንያ መንበር ሥር ቆየች። ጳጳሱን ለዘመናት ከእስክንድርያ ሲያስመጣ ለኖረ ሕዝብ የመንበር ጉዳይ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። አንድ እምነት አንድ መንበር ማለት አይደለም።

«ይህ ሁሉ ተንኮል ነው» እያልኩ አይደለም። ያው ደንብ ለጀርመኑም ለጣሊያኑም ይሠራል፤ ጸሐፊዎቹ ማሽን የሚያንቀሳቅስ ቁጥር ያስፈልጋቸው ነበርና አበጁ። የኔ ክርክር ያ ቁጥር ወደ ምን እንደሚያደርስ ማየት አለብን የሚል ነው። ቭላዲሚር ፑቲን በጁላይ 2021 ሩሲያውያንና ዩክሬናውያን አንድ ሕዝብ ናቸው የሚል ረዥም ጽሑፍ በስማቸው አወጡ። በፌብሩዋሪ 21 ቀን 2022 ባደረጉት ንግግር ዘመናዊት ዩክሬን ሙሉ በሙሉ በቦልሼቪኮች የተፈጠረች ናት አሉ፤ በሦስተኛው ቀን ታንኮቹ ድንበር ተሻገሩ። ያንን ሙግት በመቶ ገጽ መጽሐፍ ለወጣት ብታቀርብለት ይሰለቸዋል። በጨዋታ ሕግ አድርገህ ብትሰጠው ግን ሳያነበው ይማረዋል።

የካርታን ነገር ካነሣን አይቀር፣ በሜይ 2023 የሆነውን ያላስተዋለ ካለ ያስተውል። የሩሲያ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ቫሌሪ ዞርኪን በ17ኛው ክፍለ ዘመን በፈረንሳዮች የተሠራ ካርታ ቅጂ ይዘው ፑቲን ዘንድ ቀረቡ። በዚህ ላይ ዩክሬን የምትባል የለችም አሏቸው። ፑቲንም ከሶቪየት ኅብረት በፊት በታሪክ ዩክሬን የምትባል አልነበረችም ሲሉ አከሉበት። ትዕይንቱ በቴሌቪዥን ተላለፈ። ካርታውን አቅርበው የተመለከቱ ሰዎች ግን ኪየቭ ባለችበት አካባቢ «ዩክሬን፣ የኮሳኮች አገር» የሚል ጽሑፍ በፈረንሳይኛ ሰፍሮ አገኙት! የአንድ ታላቅ አገር ዋና ዳኛ ማስረጃውን ሳያነብ አቀረበ፤ ርዕሰ ብሔሩም ሳያነብ ፈረደ። ለመጫወቻ ካርታ ዶክተር ምን አገባው ላለኝ ባልደረባዬ ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

ሌላም ሐሰት አለ፤ «ባዶ ምድር» የሚባለው። ከኪየቭ በስተ ደቡብ ያለውን ሣራማ ሜዳ ጨዋታዎች ሁሉ የማይረባ፣ ሰው የሌለበት፣ ቀድሞ የደረሰ የሚያነሣው አድርገው ነው የሚያቀርቡት። ጊዮም ለ ቫሰር ደ ቦፕላን የተባለው ፈረንሳዊ መሐንዲስ ለፖላንድ ዘውድ ተቀጥሮ በዲኒፐር ላይ የኮዳክን ምሽግ በ1635 ሠርቷል፤ በ1648 ዳንዚግ ላይ የታተመውን ካርታውን በላቲን ሲሰይመው «በተለምዶ ዩክሬን የሚባሉት የበረሃ ሜዳዎች» ብሎታል። ባዶነቱም ስሙም በአንድ ርዕስ ውስጥ! ግን የካርታውን ወረቀት ዝቅ ብለው ሲመለከቱት መንደሩ፣ የወንዙ መሻገሪያ፣ ምሽጉ፣ የዲኒፐር ፏፏቴዎች አንድ በአንድ ተሠፍረዋል። ያ ሜዳ ሰው ያነሰበት አፈሩ ስለከፋ አይደለም፤ ጥቁር አፈሩ በዓለም ከታወቁት አንዱ ነው። ሰው ያነሰበት በየዓመቱ ሰው እየታደነ ወደ ካፋ ገበያ ይነዳ ስለነበር ነው። «ባዶ» ከሚለው ቃል በስተ ጀርባ በባርነት ተሽጠው ወደ ቁስጥንጥንያ የተጫኑ ብዙ ሺህ ገበሬዎች አሉ። ከእነርሱ የተረፈው ነው ኮሳክ የሆነው።

ይህን ያልኩት ለአንደኛው ወገን ነው። አሁን ደግሞ ሌላኛው ወገን ይስማኝ፤ ወዳጅ መስሎ ካርታውን የሚያበላሽ አለና።

ጨዋታው በጽሑፍ ፋይሎች ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ማንም ተጫዋች ከፍቶ ሊያስተካክለው ይችላል። ከተስተካከሉት መካከል በ1444 ላይ ከካርፓቲያ እስከ ዶን የተዘረጋች፣ ክሬሚያን ያጠቃለለች፣ «ዩክሬን» የሚል ስም በትልቁ የተጻፈባት አንዲት መንግሥት አይቻለሁ። ይህ የመጀመሪያውን ስሕተት በተቃራኒው መድገም ነው። «ዩክሬን» የሚለው ቃል በ1187 ዜና መዋዕል ውስጥ ይገኛል፤ አዎን። ግን በዚያን ጊዜ የአንድ አካባቢ መጠሪያ እንጂ የመንግሥት ስም አልነበረም። ክሬሚያ በ1444 የኪየቭም የሞስኮም አልነበረችም፤ ሐጂ ጊራይ ኻናቱን ሲያቋቁም፣ ጄኖዋውያን በካፋ፣ የቴዎዶሮ መሳፍንት በማንጉፕ ነበሩ። ካፋንም ማንጉፕንም በ1475 ኦቶማኖች ወሰዷቸው፤ ካትሪን የደረሰችው በ1783 ነው። ያንን ባሕረ ሰላጤ በሰማያዊና ቢጫ የሚቀባ ሰው በሜይ 1944 ስታሊን ከነቤተሰቡ በባቡር ጭኖ ያጋዘውን የታታር ሕዝብ ሁለተኛ ጊዜ ያጋዘው መሆኑን ይወቅ። ኦዴሳንም በ1444 አታስቀምጡ፤ ከተማይቱ በዚህ ስሟ የተቆረቆረችው በ1794 ነው። ሉቪቭንም የአንድ ሕዝብ አታድርጓት፤ አርመኖች ካቴድራላቸውን የሠሩባት፣ ጀርመን፣ ፖላንዳዊ፣ አይሁድና ሩቴኒያዊ በየሰፈሩ የኖረባት ከተማ ናት።

ለተበደለ ተብሎ የሚጻፍ ሐሰት ለተበደለው አይበጅም። ለምን ቢሉ፣ ነገ ተቃዋሚው አንዷን ሐሰት ይዞ እውነቱን ሁሉ ይጥልበታል። የዩክሬን ታሪክ ማጋነን አያሻውም፤ የሊትዌኒያ ታላቅ መስፍናዊ ግዛት ሕጎች በ1529፣ በ1566 እና በ1588 የተጻፉት በሩቴኒያዊው ቋንቋ መሆኑን ማሳየት ብቻ ይበቃል። ተሸናፊ የተባለው ሕዝብ ቋንቋውን ለአሸናፊው መንግሥት ሕግ ሰጥቷል! ይህንን የትኛው ጨዋታ አሳየን?

እንግዲህ ምን ይደረግ ለሚለኝ፤ የምፈልገው ጥቂት ነገር ነው፣ ጨዋታውንም የሚያጣፍጥ እንጂ የሚያከብድ አይደለም። ኪየቭ በሊትዌኒያ ሥር ያለች ባለ መስፍን ግዛት ትሁን፤ ኦሌልኮ ይግዛት፣ ሴሜን አልጋ ወራሽ ይሁን። ቮሊን ለስቪትሪጋይላ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ትሰጥ። ሊትዌኒያን የሚጫወት ሰው መሳፍንቱን ሽሮ ቮይቮዳ መላክ ከፈለገ ይላክ፤ ግን ዋጋውን ይክፈል፤ የከተማው በር ይዘጋበት፣ ሤራ ይነሣበት፣ በ1500ዎቹ መጀመሪያ እንደሆነውም የድንበር መሳፍንት ወደ ሞስኮ ይኮብልሉበት። ኢምፓየር የሆነ ሁሉ የዘመዶቹን ልብ በነጻ አያግኝ።

ይህ የማይሆን ምኞት አይደለም። ኩባንያው በ2025 ያወጣው አምስተኛው «ዩሮፓ ዩኒቨርሳሊስ» ዘመኑን ወደ 1337 መልሶታል፤ ከመውጣቱ በፊትም ካርታዎቹን ክልል በክልል በአደባባይ እያቀረበ የተጫዋቾችን እርማት ሲቀበል ነበር። 1337 ደግሞ ሌላ ዓለም ነው፦ የጋሊሺያና የቮሊን መንግሥት ገና አልጠፋም፤ በ1335 በጻፈው ደብዳቤ ራሱን «የመላው ታናሽ ሩስ መስፍን» ያለው ዩሪ ቦሌስላቭ በ1340 በመርዝ እስኪገደል ሦስት ዓመት ቀርቶታል። ስለዚህ በሩ ክፍት ነው። የሚገባበት የታሪክ ባለሙያ ግን ጥቂት ነው፤ እኛ በሻይ ሰዓት ስንሳለቅ፣ ጉዳይ ያለው ሁሉ ቀለሙን ይዞ ይሰለፋል።

አንድ ኢትዮጵያዊ በዚህ ምን አገባው የሚል ካለ፣ በ1573 ኦርቴሊየስ ያሳተመውን የቄሱ ዮሐንስን አገር ካርታ ፈልጎ ይመልከት፤ አገራችንን ከምድር ወገብ በታች እስከ ጨረቃ ተራሮች ለጥጦ በምናብ ከተሞች ሞልቶታል። ያንን ተረት ካስተካከሉት አንዱ በ1683 ካርታውን ያወጣው ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ ነው። ሉዶልፍ አገራችንን በዐይኑ አላያትም፤ በ1652 ጎታ ከተማ ድረስ ሄደው ያስተማሩት የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ ናቸው። «ለፈረንጅ ካርታ ምን አገባኝ» ብለው ቢሆን ኖሮ?

ተማሪዬ ባለፈው ሳምንት ቢሮዬ መጣ። ላፕቶፑን ከፍቶ የራሱን እትም አሳየኝ። ኪየቭ የራሷ ቀለም አላት፤ ጠቅ ሲያደርገው ኦሌልኮ ብቅ አለ። ሴሜን አልጋ ወራሽ ነው። ለ1471 ደግሞ ጎሽታውታስ በሩ ላይ ቆሞ የሚመለስበትን ክስተት ጽፎለታል፤ ሁለት ጊዜ እምቢ የማለት ምርጫ አለው፣ ሦስተኛው በጦር ነው። የኪየቭን ጦር ትንሽ አብዝቶታል፤ ቀንስ አልኩት፣ ተቀበለኝ።

በቮሊን ነገር ግን አልተስማማንም። «ስቪትሪጋይላ ከ70 ዓመት በላይ ነው፣ ዶክተር፤ ወራሽም የለው። በስምንት ዓመቱ ሞቶ ለሊትዌኒያ ለሚመልሳት አገር አዲስ ቀለም ማውጣት አይረባም» ባይ ነው። ስምንት ዓመትም ዓመት ነው አልኩት። እስኪ ላስብበት ብሎ ሄዷል።